ከቀላቢው ጀርባ ያሉት ሁለት ወንበሮች

ቬርና ታድሎክ ያን ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ገለባበጠችው፤ ትራሱ የለም። አባቷ ሆሊስ ቤዝቦል ሜዳ ሲሄድ የሚቀመጥበት፣ ጎኑ በቀይ ክር የተጠገነ አሮጌ አረንጓዴ ትራስ ነው።

"አባዬ፣ ትራስህን የት አደረግኸው?"

"ዓይን ያለሽ አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን! ፈልጊው እንጂ።"

ከሶፋው ሥር አየች፤ መኪናው ውስጥ አየች፤ የለም። ለጠፋ ማንኪያ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል ሽማግሌ፣ ዛሬ ኮፍያውን አጥልቆ በሩ ላይ ጭጭ ብሎ መቆሙ ገርሟታል። ግን ለመጠርጠር ፋታ አልነበራትም። ቀኑ የወንበር መምረጫ ቀን ነው።

ሆሊስ ዕድሜውን ሁሉ በሚሲሲፒ ገጠር የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ሲወስድበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቬርና ያኔ ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ከሥራ ስትገባ ጠዋት ያቀረበችለት የበቆሎ ገንፎ ሳህኑ ላይ ደርቆ ታገኘዋለች። "ብላ እንጂ አባዬ" ስትለው፣ "ለምኔ ብዬ?" ይላታል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረመች፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሞቶ አገኘዋለሁ እያለች።

በጸደይ ግን እየጎተተች ወደ አካባቢው ኮሌጅ ሜዳ ወሰደችውና፣ የተወረወረውን ኳስ በጓንት ከሚቀበለው ከቀላቢው ልክ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ወርዋሪው ወረወረ፤ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ጧ አለች። ሆሊስ ቀና አለ።

"ይቺ ተጣማ ነው የመጣችው" አለ።

እውነትም ተጣማ ነበር የመጣችው! ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ጨዋታውን በጆሮው ያያል። ጓንቱ፣ ዱላው፣ የዳኛው ማጉረምረም፣ ሁሉም ይነግሩታል። እዚያ ቦታ ላይ ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። አንዴ ትንሽ ወደ ጎን ቢያስቀምጡት ሁሉም ነገር ጫጫታ ሆነበትና፣ "ወደ ቤቴ ውሰጂኝ" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ።

አሁን ኮሌጁ አሮጌውን አግዳሚ አፍርሶ አዲስ ሠራና፣ የዓመቱን ጨዋታዎች ትኬት የሚገዛ ሁሉ ወንበሩን እንደገና ይምረጥ አለ። ቅድሚያው ለኮሌጁ ብዙ ለሰጠ ነው። የአውቶቡስ ነጂ ምን ይሰጣል? የቬርና ተራ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። ስሙ የተጠራ ሰው ይገባና የወደደው ወንበር ላይ ሪባኑን ያስራል። ሪባን የታሰረበት ወንበር አለቀ፤ ባለቤት አለው።

የሜዳው አጥር ጋ ደርሰው ቬርና ዓይኗን ወደ ውስጥ ወረወረች። ልክ ከቀላቢው ቦታ ጀርባ ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ አረንጓዴው ትራስ ተጋድሟል።

ትናንት እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሜዳው ለጉብኝት ተከፍቶ ነበር። ጎረቤታቸው ሆሊስን ይዞት ሄዶ ነበር። ለካስ!

"አባዬ! ምን ጉድ ነው የሠራኸው?"

"ምን ሠራሁ?"

"ትራሱን ነዋ!"

"ረስቼው ይሆናል። እኔ ዕውር ሰው ነኝ።" ፈገግታውን ለመደበቅ ኮፍያውን ዝቅ አደረገ።

እዚህ አገር የሰው ትራስ አይነካም። ትራስህን ጥለህ ቅቅል ለውዝ ልትገዛ ብትሄድ፣ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ቢመጣ እንኳ ቆሞ ያያል እንጂ አያነሣውም። ዛሬ ግን የሚሠራው ሪባን ነው፤ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ክልክል ነው ተብሏል።

"ማጭበርበር እኮ ነው፣ አባዬ።"

"ዝም በይ። ማን ገባ?"

የገባው መኪና ሻጩ ሮይስ ሌድቤተር ነበር። ሮይስና ሆሊስ በአንዲት ኳስ የተነሣ ስንት ዘመን ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ሆሊስ ዓይን በነበረው ጊዜ ከኮሌጁ ዋና ባላንጣ ጋር በተደረገ ጨዋታ ላይ የተወረወረች የመጨረሻ ኳስ ናት፤ ሮይስ እንደ ዳኛው "ውጪ ናት" አለ፣ ሆሊስ "ስትራይክ ናት፣ ልክ በቦታዋ ነው ያለፈችው፣ ተዘረፍን" አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ። ሮይስ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ወንበሮች ሄደ። ትራሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየውና ራሱን አክኮ፣ እያጉረመረመ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣ።

"አለፈ?" አለ ሆሊስ።

"አለፈ።"

"ጎሽ!"

ሌሎችም ገቡ። ሁሉም ትራሱ ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ያልፋል። ባሏ የሞተባት እትዬ ኧርሊን ሳምሮል ደግሞ ገብታ፣ ከሁለቱ ወንበሮች ጎን ያለችውን ሦስተኛ ወንበር መርጣ ሪባኗን አሰረችና ቁጭ አለች።  ቬርናን ደስ ሊላት ሲገባ እፍረት አንገበገባት። እነዚህ ምስኪኖች ጨዋ ስለሆኑ እየተሸወዱ ነው፤ የሚሸውዳቸው ደግሞ የገዛ አባቷ!

ከዚያ ከሰሜን በቅርቡ የመጣ አዲስ ሐኪም ተጠራ። የአገሩን ልማድ ከየት ይወቀው? ትራሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነሣው።

"ይሄ የማን ነው? ቦታው ተይዟል ወይስ አልተያዘም?"

 ሆሊስ የቬርናን የእጅ አንጓ ጨመደደ፤ ያ ምሰሶ ሲጨብጥ የኖረ እጅ።

"ዝም በይ፣ ልጄ። እባክሽ።"

በሕይወቷ "እባክሽ" ሲላት ሰምታ አታውቅም። ግድግዳው፣ የደረቀው ገንፎ፣ ያ ክረምት ፊቷ ላይ ተደቀኑ። ዝም ብትል አንድ ሰው "ተይዟል" ይልላት ይሆናል። ግን አልቻለችም።

"የእኛ ነው!" ብላ ጮኸች። "አባቴ ትናንት ትቶት ሄዶ ነው። ሪባን የለውም። አልተያዘም!"

የሆሊስ እጅ አንጓዋን ለቀቀ። ከጨመደዳት ይልቅ መልቀቁ አመማት።

"እንግዲያው ክፍት ነው፣ ዶክተር። ማሰር ይችላሉ" አለች ስም ጠሪዋ።

ሐኪሙ ሪባኑን አወጣ። ይሄኔ እትዬ ኧርሊን ጉልበቷን ይዛ ብድግ አለች።

"ቆይ እስቲ፣ የኔ ጌታ። ይሄ ቀይ ክር ይታይሃል? በዚህ እጄ ነው የሰፋሁት፤ ሆሊስ ዳኛው ላይ ሊወረውረው ሲል ሚስቱ ስትቀማው ተቀዶ። እዚህ ያለ ሰው የማን ትራስ እንደሆነ የጠፋው አለ? ወይስ ሳናየው ያለፍን መሰለህ?"

"እኔስ ከሆሊስ ጩኸት ልሽሽ ብዬ ነው!" አለ ሮይስ ከላይ። "ለጆሮህ ካዘንክ ወደዚህ ና፣ ዶክተር!"

ሰው ሳቀ። ሐኪሙ ወደ አጥሩ ዞር ብሎ ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሽማግሌና በትሩን አየ። ትራሱን አራገፈና መልሶ አስቀመጠው፤ ደረጃውንም ወጣ።

የቬርና ስም ሲጠራ አባቷን እየመራች ወረደች። ሁለቱን ሪባን አሰረች። ሆሊስ ትራሱ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ያታለለ መስሎት ነበር።

"አውቀው ነው ያለፉት?" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቀው ነው፣ አባዬ።"

"ሮይስም?"

"መጀመሪያ ያለፈው እሱ ነው።"

ሆሊስ ኮፍያውን አወለቀ። ጭኑ ላይ ሲያሽከረክረው ቆየና፣ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

"ሮይስ! ያቺ ኳስ ውጪ ነበረች!"

ቬርና ጆሮዋን ማመን አቃታት።  ሮይስ ከላይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አንተ ሽማግሌ፣ አሁን ገና አየሃት!" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።