የጋሽ ሙሉነህ የፋሲካ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ የገባች ልጅ፣ «ስንት እንደሆኑ ያላወቅኳቸውን እሴቶች ለአንድ ፋንክሽን እንዴት ነው የማቀብለው?» አለችኝ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ ሦስት ነጥብ እንደሚበቃ አሳየኋት። «እሴቶቹን በተራ የሚዞርባቸው ሉፕ ግን ከየት እንደሚጀምር እዪ!» ስላት ድምፄ ከርሮ ኖሮ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ካርቱምን አታውቅ።

ያኔ ካርቱም፣ ሳጃና በሚባል ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ፣ በትርፍ ሰዓቴ ኮድ መጻፍ ራሴን አስተምር ነበር። የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ተቃርቧል፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ በራችን ላይ ከሚሸጠው ፉል የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። የሰፈሩን ሐበሾች የበዓል ሰላምታ ቀድቼ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻቸው በድረ ገጽ እንዲሰሙት አሰብኩ።

ቀድመው የመጡት ጋሽ ሙሉነህ ነበሩ፤ አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ባለጸጋ ቤት ዘበኛ። ጎንደር ላለችው ልጃቸው «ወለላ፣ አባትሽ ነኝ፤ ደኅና ነኝ» ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

የጻፍኩት ፋንክሽን፣ ያው አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ የተቀበለውን ድምፅ ሁሉ በተራ ያሰማል። መጀመሪያ የማቀብለው የገጹን ርእስ ስለነበር፣ ሉፑ እሱን ዘሎ ከሁለተኛው ይነሣ ነበር። ኋላ ርእሱን አወጣሁና ሉፑን ከመጀመሪያው እንዲነሣ ማስተካከል ረሳሁ። በርእሱ ቦታ የገባው የጋሽ ሙሉነህ ድምፅ ተዘለለ። እኔም የመጨረሻዎቹን ብቻ ሰምቼ ገጹን ለቀቅኩት።

በፋሲካ ማግስት ጋሽ ሙሉነህ እያለከለኩ መጡ። ወለላ የሁሉንም ድምፅ ሰምታ የእሳቸውን ብታጣ፣ «አባቴ ሞቶ መርዶውን ደብቀውኛል» ብላ ጥቁር ለብሳለች። ቢደውሉላትም «አባቴን መስሎ የሚያጽናናኝ ሌላ ሰው ነው» ብላ ዘጋችባቸው።

ስህተቱን ወዲያው አገኘሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ማዕሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፣ ለደግ ብለህ ነው።»

አስተካከልኩት። ወለላም ሰማችው፤ ግን «ይሄ ሳይሞት የተቀዳ ነው» አለች።

«ያላ፣ በቃ ልነሣ፣ በዓይኗ ትየኝ እንጂ!» ብለው በማግስቱ ወደ ጎንደር አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ሲመለሱ በባለጸጋው በር ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ገበያ ውስጥ በዚያ ፀሐይ ጆንያ ይሸከሙ ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጆንያቸውን አውርደው ሳሙኝ። «አንተ ባትሳሳት መች እሄድ ነበር? አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ተባረክ!» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እስካሁን ይወጣልኝ ነበር። ለዚያ ምርቃት ግን ስንት ዓመት ሙሉ አሜን ማለት አቅቶኛል።