ካርታው ላይ ያልነበረው ቦይ

ጋሽ ዶማ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እስካቫተር ሲነዱ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ መካኒክ እስኪመጣ ሌላው ጥላ ሥር ጋደም ሲል፣ እሳቸው ዶማ አንስተው የጀመሩትን ቦይ በእጃቸው ይቀጥሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡም ስሙ አብሯቸው ወጣ።

ባለፈው በጋ ከከተማው በላይ ያለው ረግረግ በእሳት ተያያዘ። ረግረግ ደግሞ ይነድዳል እንዴ ያለ ብዙ ሰው ነበር። ይነድዳል። ጥቁሩ አፈር የስንት ዘመን ሣርና ሥር ተጠራቅሞ የበሰበሰበት ነው፤ ውሃ ሲጠግብ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ሲደርቅ ግን ከከሰል አይለይም። ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ አሥራ አንድ ቀን ጨሰ። ጭሱ ቁልቁል ወርዶ በየመስኮቱ ገባ። የጋሽ ዶማ ባለቤት አስም አለባቸው፤ በአምስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡና አራት ቀን በኦክስጅን ቆዩ።

ጋሽ ዶማ አልጋው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚስታቸው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ሲያዩ፣ ከአእምሯቸው የማይወጣ አንድ ነገር ነበር። ያንን ረግረግ ያደረቁት እሳቸው ናቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት "መሬቱ ይድረቅና ለግጦሽ ይሁን" ተብለው ታዝዘው ሁለት በጋ ሙሉ ቦይ ሲቆፍሩበት ከርመዋል።

ማስታወቂያውን ያዩት ሚስታቸውን ለክትትል ክሊኒክ የወሰዱ ዕለት ነው። በር ላይ ተለጥፏል። ቅዳሜ ረግረጉ ላይ የአንድ ቀን የበጎ ፈቃድ ሥራ አለ፣ አሮጌ ቦዮች ይዘጋሉ፣ ቦቲ ጫማ ይዛችሁ ኑ ይላል።

"እሄዳለሁ" አሉ ጋሽ ዶማ።

"የት?"

"ቦይ ልዘጋ።"

"በዚያ ወገብህ?"

"ታዲያ በየትኛው ልሂድ? ትርፍ ወገብ የለኝ።"

ሚስትየው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ጋሽ ዶማ ጀርባቸውን ደግፈው ያዙ። "ሂድ እንግዲህ" አሏቸው ሲረጋጉ። "ብቻ እንደ ልማድህ ካልጨረስኩ ብለህ እዚያው እንዳትቀር።"

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ሰው በሚኒባስ ተጭኖ ወጣ። ላይ ሲደርሱ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሜዳው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ቁጥቋጦና ቡናማ ሣር ነው፤ የተቃጠለው ጎን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሥራውን የምትመራው የአፈር ባለሙያ ከጋሽ ዶማ የመጨረሻ ልጅ ብዙ አትበልጥም። ካርታዋን የሚኒባሱ ኮፈን ላይ ዘርግታ በዚህኛው ጎን ሃያ ሦስት ቦይ እንዳለ፣ በየቦዩ ላይ በጣውላና በሣር ክትር እየሠሩ ውሃውን አቁመው ረግረጉን ዳግም እንደሚያርሱት አስረዳች። ከዚያ ጋሽ ዶማን አየቻቸው።

"አባባ፣ እርስዎ የክትሮቹን ቦታ በሚያሳዩት ችካሎች ላይ ሪባን ያስሩልን።"

ሪባን አሰሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀይ ጨርቅ ሲቋጥሩ ቆዩና የተረፈውን ኪሳቸው ከተው ወደ ካርታው ተመለሱ።

"ልጄ፣ አንድ ቦይ ጎድሎሻል።"

"ካርታው ከሰማይ በተነሣ ፎቶ የተሠራ ነው አባባ።"

"ይሁን። ሃያ አራት ናቸው። የጎደለው ሌሎቹን አቋርጦ የሚሄድ ነው። እሱ ካልተዘጋ ስትደክሙ መዋላችሁ ነው፤ ውሃው ከጀርባ ዞሮ ይወጣል።"

ባለሙያዋ ሰዓቷን አየች። "የት እንዳለ ያሳዩኛል?"

ጋሽ ዶማ ዙሪያውን ቃኙ። ድሮ ምልክት ያደረጉት የጠባቂ ጎጆ ፈርሷል። ቁጥቋጦው ሁሉን ሸፍኗል። "ምሳ ሰዓት ላይ እፈልገዋለሁ" አሉ። "ከሥራችሁ አላስተጓጉልም።"

ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ እሳቸው ረጅም ብረት ይዘው መሬቱን እየወጉ ሄዱ። አለ ብለው የማሉበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ሃምሳ እርምጃ ወደ ቀኝ ወጉ፣ የለም። ወደ ግራ ተመለሱ፣ የለም። ከወዲያ ሰዎቹ ሲያዩዋቸው ይታወቃቸዋል። አንዱ በተለይ፣ ግዙፍና ቀልደኛ የሆነ ንብ አርቢ፣ አፉ ምግብ እንደያዘ "ጋሼ፣ ነዳጅ ካገኙ ለእኛም ይንገሩን!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ጋሽ ዶማም ፈገግ አሉ፤ ወገባቸው ግን እንደ ዛገ በር መንቋቋት ጀምሯል። ጉቶ ላይ ቁጭ ብለው አሰቡ። ያን ቀን ማሽኑ አፍንጫውን ወዴት አዙሮ ነበር? ፀሐይዋስ? ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፊታቸውን ወግታቸው ኮፍያቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ትዝ አላቸው። እንዲያ ከሆነ ወደ ምዕራብ ነበር የሚነዱት። ተነሥተው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። በአሥራ ሰባተኛው እርምጃ መሬቱ ከዳቸው።

ንብ አርቢው ሮጦ ሲደርስ ጋሽ ዶማ እስከ ደረታቸው ሰምጠው ቁጥቋጦው ይዟቸዋል፤ ጭቃ ያልነካው ኮፍያቸውን ብቻ ነው።

"ተጎዱ ወይ ጋሼ?"

"አገኘሁት!" አሉ ጋሽ ዶማ። "ስማ፣ ከሥሬ ውሃው ሲሮጥ ስማው።"

ጎትቶ አወጣቸው። ባለሙያዋ ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጋ ስታይ ቦዩ ከሰው ቁመት ይጠልቃል፤ ቡናማ ውሃ እየተንደረደረ ይወርዳል። "ይሄ እንዴት አመለጠን?" አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ዶማ ዞራ፣ "እርስዎ እንዴት አወቁ?"

ጋሽ ዶማ ጭቃቸውን ጠረጉ። መዋሸት ይችሉ ነበር።

"እኔ ነኝ የቆፈርኩት" አሉ። "ይሄን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። ይሄኛው ግን ትእዛዝ እንኳ አልነበረውም። ማሽኑ ሰጥሞብኝ ውሃውን ላሸሽ ብዬ ቀደድኩት፤ ለአለቃም አልነገርኩ።"

የንብ አርቢው ፊት ተለወጠ። አሥራ ዘጠኝ ቀፎ በዚያ እሳት አጥቷል፤ ጠዋት መኪና ውስጥ ሲያወራው ሁሉም ሰምቷል።

"ያውቁ ነበር?" አለ። ጋሼ የሚለውን ቃል ትቶታል። "እንዲህ እንደሚሆን?"

"እንደሚነድ አላውቅም ነበር። ሲደርቅ ግን አይቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት የረግረጉ ወፎች ሳይመጡ ሲቀሩ አይቻለሁ። ደሞዜን በልቼ ዝም አልኩ።"

ንብ አርቢው ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ጋሽ ዶማ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ቃሉ ለአሥራ ዘጠኝ ቀፎ አነሰባቸው። አካፋ አነሡና የቦዩን ጎንና ጎን መፈልፈል ጀመሩ። ባለሙያዋ "አባባ፣ ይረፉ" ልትል ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

ትንሽ ቆይቶ አጠገባቸው አንድ ነገር ዱብ አለ። ንብ አርቢው አራት ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ ነው።

"የቱ ጋ ነው የሚገባው?" አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

የመጀመሪያው ክትር አልያዘም። ውሃው ከሥር ፈልፍሎ ጣውላውን ገፈተረው። ሁለተኛውን ጋሽ ዶማ ራሳቸው አዘዙ፤ ጣውላው ጥቁሩን አፈር አልፎ ሸክላውን እስኪነካ ይመታ፣ ጎንና ጎኑ ክንድ ያህል ይግባ፣ ክፍተቱ ከነአፈሩ በተቆረጠ ሣር ይጠቅጠቅ፣ ሣሩ ወደ ላይ ይሁን። ንብ አርቢው መዶሻውን ሲያነሣ እሳቸው ጣውላውን ይይዛሉ። ከሌሎቹ ቦዮችም ሰው እየተጠራራ መጣ። አሥር ሰዓት ሲሆን ውሃው ክትሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ተኛ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሙላት ጀመረ። አንዲት አስተማሪ አጨበጨበች። ጋሽ ዶማ አላጨበጨቡም፤ ክትሩን በእግራቸው እየረገጡ የሚያፈስ ቦታ ይፈልጉ ነበር።

"ይሄ ቦይ ሦስት ክትር ይቀረዋል" አሉ ለባለሙያዋ። "መቼ ነው የምትመለሱት?"

"የአንድ ቀን ሥራ ነበር አባባ። ቀጣዩ ገና አልተያዘም።"

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ይያዝ። መኪና ካጣሽ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።"

ቀጣዩ ቅዳሜ ተያዘ፤ ከዚያም ሌላው። ጋሽ ዶማ ካርታውን ቤታቸው ወስደው፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ያስታወሷቸውን ቦዮች በሙሉ በእርሳስ አሰመሩ። ሚስታቸው መነጽራቸውን አድርገው ካዩት በኋላ፣ "ይህን ሁሉ አንተ ብቻህን?" አሉ። "ብቻዬን" አሉ ጋሽ ዶማ።

ንብ አርቢው ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል እስከ ዛሬ አልወጣውም። ቅዳሜ ጠዋት ግን መኪናው ውስጥ ወንበር ይይዝላቸዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ውሃ በጠገበው ጎን ዳር ሁለት ቀፎ ሰቅሏል።