ስሜ የእነሱ፣ አፌ የሌላ

የተያዝኩት የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ እጄን ከትቼ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ክር እየበጠሰች ያስቸገረች መኪና ገልብጬ ስፈትሽ፣ ዘበኛው መጣና «በር ላይ ትፈለጋለህ» አለኝ። ማን እንደሚፈልገኝ ስጠይቀው ጫማዬን ያይ ጀመር። ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

በር ላይ ሁለት መሣሪያ የያዙና አንድ ወረቀት የያዘ ሰው ቆመዋል። ባለ ወረቀቱ ስሜን ከነአባቴ ጠራው።

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ከእኔ በፊት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ተጠርተው ውጭ በቆመ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ቆራጭ፣ ሌላው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ሦስታችን የምንገናኘው ደመወዝ ስንቀበል ብቻ ነበር። ምን አንድ እንዳደረገን እያሰላሰልኩ እጄ ላይ ያለውን ዘይት በሱሪዬ እየጠረግሁ ሄድኩ። መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ስሞቹን በተራ አስቀምጬ አላየኋቸውም።

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። የኦሮሞ ስም መሆኑን ግን መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚከተለው ነገር አይገባም። እኔ ኦሮሞ አይደለሁም። አባቴ ከመንዝ፣ እናቴ ከቡልጋ የመጡ አማሮች ናቸው። ላፍቶ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ አጠገባችን አንዲት የኦሮሞ ገበሬ ሚስት ትኖር ነበር። እናቴን ያዋለደቻት እሷ ናት፤ ስሙንም ያወጣችው እሷ ናት። እናቴ ከወሊድ በኋላ ታማ በተኛችበት ጊዜ ያሳደገኝ የእሷ ቤት ወተት ነው። «አዮ» እላት ነበር፣ እናቴ ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተች። ቋንቋውም ከእሷ ጋር ከቤታችን ወጣ፤ ስሙ ግን እኔ ላይ ቀረ። የአባቴ ስም ደግሞ የትም አገር የሚገኝ የክርስቲያን ስም ስለሆነ ያን ቀን አልረዳኝም።

የወሰዱን ከላፍቶ ዝቅ ብሎ ወደሚገኝ አዳራሽ ነው። ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ስንት ጊዜው ነው፤ ሽታው ግን አሁንም ዓይን ያቃጥላል፤ ስንገባ ሦስታችንም እንባችን ይወርድ ነበር። ውስጥ ያሉት ሰዎች የምናለቅስ መስሏቸው ትክ ብለው አዩን። መስኮት የለውም። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ወለሉ ላይ ይሳባል። ሰዓት የምናውቀው በእሱ ነበር።

ሁለቱ ባልደረቦቼ ወዲያው ከሰው ተቀላቀሉ። ከየት እንደሆኑ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ በኦሮምኛ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ ቦታ ተለቀቀላቸው። ወደ እኔ የመጣው ከወለጋ የሆነ ቀጭን መምህር ነበር። መነጽሩ አንድ ጎኑ በክር ታስሯል። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ በራና ረዘም ያለ ነገር በኦሮምኛ ነገረኝ። አንድም ቃል አልገባኝም።

«ይቅርታ፣ አልችልም» አልኩት በአማርኛ።

«አትችልም?»

«ስሙ ብቻ ነው ያለኝ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ስምህ የእኛ፣ አፍህ የሌላ» አለኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

እኔ በጠባዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ጥርጣሬ እንጀራዬ ነው። ደህና ነች የተባለች መኪና ሁሉ አንድ የደበቀችው ነገር አላት ብዬ ነው የምጀምረው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ግን ሰው ሁሉ እንደ እኔ መሆኑን አየሁ፤ የሚፈትሹት ደግሞ እኔን ነው። ስቀርብ ወሬ ይቋረጣል። ኦሮምኛ ልስማ አልስማ ስላላወቁ በኦሮምኛም አያወሩም፤ አማርኛ እንደምሰማ ስለሚያውቁ በአማርኛም አያወሩም። አንዱ «ዛሬ ፀሐይዋ ከረረች» ይላል። ሌላው «አዎ፣ ከረረች» ይላል። ፀሐይዋን ያየ ሰው የለም።

ያን ሰሞን ዙሪያዬን በደንብ ተመለከትኩ። ገበሬ አለ፣ መምህር አለ፣ የባንክ ጸሐፊ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ተማሪ አለ። ሥራቸው አይገጥም፣ ዕድሜያቸው አይገጥም፤ አንዳንዱም ለምን እንደተያዘ አልተነገረውም። የተነገረው ደግሞ «ከጫካ ሰዎች ጋር ትገናኛለህ» ነው የተባለው። ውጭ፣ ሰፈራችን ውስጥ ታክሲ ሲሞላ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዶርዜው እየተጋፋ ነው የሚሳፈረው። እዚህ ግን በወንፊት የተነፋ ይመስል አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር። በሌላ ቦታ አማሮች ብቻ የታጎሩበት ክፍል እንደነበረ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ይሆናል። እኔ የማወራው ስላየሁት ነው። ባየሁት ውስጥ አንድ የማይገጥም ሰው ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። መምህሩም የተጠራጠረው ለዚህ ነው። የእኔ ዓይነቱ ሰው እዚያ የሚገባው ተልኮ ካልሆነ በምን ይገባል? እሱን ብሆን እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ አድራሻዬን አግኝታ ምሳ ላከች። የመጀመሪያ ልጃችንን ስምንት ወር ተሸክማ፣ በእግሯ ነው የመጣችው። እንድንተያይ አልፈቀዱም፤ ምሳ ዕቃው ብቻ ገባ። ሽሮና ጎመን ነበር።

የመጋዘኑ ደንብ ምግብ የመጣለት ሰው መጀመሪያ በዕድሜ የሚበልጠውን ይጋብዛል የሚል ነው። ትልቁ ከጀሞ በኩል የመጡ ገበሬ ነበሩ። ጀሞ ያኔ ፎቅ የሚባል የለበትም፣ እርሻ ነው። ልጃቸው ጠፍቶ በእሱ ምትክ ነው የተያዙት። ጉልበታቸው ስላበጠ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ምሳ ዕቃውን ይዤ ሄድኩና ፊታቸው ተንበረከክሁ። በገዛ ቋንቋቸው ላከብራቸው ፈለግሁ። ከልጅነቴ የቀረኝን ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁና፦

«ኮቱ ኛዱ» አልኳቸው።

ከኋላዬ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሌላው «ኧረ ነውር ነው!» አለ። መምህሩ ብድግ ብሎ መጣ።

«ምን ነው ያልካቸው?»

«ኑ ይብሉ ነው ያልኳቸው።»

«ና ብላ ነው ያልካቸው! አያትህን የሚያህሉ ሰው እንደ ውሪ ነው የጠራሃቸው!»

ጆሮዬ ጋለ። ሽማግሌው ግን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ እየሳቁ ነው።

«ማነው ያስተማረህ?» አሉኝ በአማርኛ።

ስለ አዮ ነገርኳቸው። ስለ ወተቱ፣ ስለ ስሙ። ከሜዳ ስትጠራኝ እንደዚያ ትለኝ እንደነበር፣ ሌላ የማውቀው እንደሌለ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ተወው ልጁን» አሉት። «ይሄን ያስተማረችው ሴት ናት። ልጅ ሲበላ ሲጠጣ ነው እንዲህ የሚባለው። መንግሥት የላከው ቢሆን ኖሮ ‹ኮታ ኛዳ› ብሎ፣ በደንብ አክብሮኝ ነበር የሚመጣው። እነሱ ሰው ሲልኩ አስተምረው ነው የሚልኩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ከእንጀራው ቆረሱ፣ ለእኔም አጎረሱኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ ሰው የነካኝ ያኔ ነው፤ ጉርሻውን ዋጥኩና እንባዬ መጣ። ለዚህኛው እንባ ማዳበሪያውን አላማሁም።

መምህሩ አልሳቀም። «ወይም አዲስ ዘዴ አምጥተው ይሆናል» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወሬ አይቋረጥም ነበር። ሽማግሌው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። ለትልቅ ሰው የሚባለውን፣ ለሴት የሚባለውን፣ ለብዙ ሰው የሚባለውን ያስተምሩኝ ጀመር። ስሳሳት ደስ ይላቸዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ቀርቦለታል። መዝገቡን ከፍቶ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ብሔር ላይ ሲደርስ «አማራ» አልኩት። ብዕሩን አቆመ።

«ታዲያ ይሄ ስም ከየት መጣ?»

ነገርኩት። ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር የደግ ሰው ሳቅ ነበር። በሩን ከፍቶ ለጓደኛው «ይሄኛው እኮ በስህተት ነው የመጣው!» አለው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ገፋልኝ።

«ጻፍ። ‹እኔ የኦሮሞ ብሔር ተወላጅ አይደለሁም፤ በስሜ ምክንያት በስህተት ተይዣለሁ› በልና ፈርም። ዛሬ ከሰዓት ቤትህ ነህ።»

ብዕሩን ያዝኩ። ልጻፈው ነበር፤ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ባለቤቴ ወሯ እየገባ ነው። የተባለውም ውሸት የለበትም፤ ቃል በቃል እውነት ነው። «እኔ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ያቺ የተጠራጣሪነት አመሌ መጣች። ዓረፍተ ነገሩን እንደ መኪና ገልብጬ ሆዱን አየሁት። እኔ የተያዝኩት በስህተት ከሆነ ሌሎቹ በትክክል ተይዘዋል ማለት ነው። እኔ የምወጣው ኦሮሞ ስላልሆንኩ ከሆነ እነሱ የገቡት ስለሆኑ ነው። ይህን ደግሞ የሚፈርመው መርማሪው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔ ምንም ወንጀል አልሠራሁም። አብረውኝ ያሉትም ምን እንዳጠፉ አልተነገራቸውም።» ፈረምኩ።

አነበበውና ወደ እኔ ቀና አለ። «እንዲህ መች አልኩህ?»

«የማውቀው ይሄን ነው፣ ጌታዬ።»

«ሚስትህ እርጉዝ ናት አሉ።»

«አዎ።»

ሻዩን ፉት አለ። እንደገና እንድጽፍ የሚጠብቅ ይመስል ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው። አልነካሁትም። «እንግዲያው ተመለስ» አለኝ በመጨረሻ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው ቦታቸው ላይ የሉም። እኔ ተጠርቼ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ከነጋቢያቸው ጠርተው፣ ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። መምህሩ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ምን ጠየቁህ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ የተባልኩትን፣ የጻፍኩትን። እየተናገርኩ ሳለ እንዴት እንደሚሰማ ለራሴም ተሰማኝ።

«ለቤትህ አንድ መስመር ቀርቶህ ሳለ አልጽፍም ብለህ ተመለስክ» አለ።

«አዎ።»

«አንተን ጠሩ፣ ሽማግሌውን ወሰዱ፣ አንተን መለሱ።»

«እንደዚያ ነው የሆነው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ማንም አላናገረኝም። ስለ ፀሐይዋ ማውራት ተጀመረ።

ልጄ የተወለደችው እዚያ ሳለሁ ነው። የለቀቁኝ ሃያ ሁለት ቀን ከሆናት በኋላ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ ለምን እንደተያዝን ሳይነገረን፣ ለምን እንደተለቀቅን ሳይነገረን ነው። ለባለቤቴ ስለ ወረቀቱ ስነግራት «አንድ መስመር?» አለችኝ። ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ አልፈርድባትም። ሽማግሌውን ጀሞ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ አሁን ደግሞ መሬቱ ራሱ የት እንደነበር ኮንዶሚኒየሙ ሸፍኖታል።

መምህሩን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ተቀምጧል። ሸብቷል። ዞር ሲል አየኝ፤ ወዲያው ነው ያወቀኝ። አፌን ልከፍት ስል «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ወረደ፤ ታክሲው እስኪርቅ ድረስም ቆሞ ያየን ነበር።

ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነው ቤቴ የገባሁት። ልጄን ሳላቅፍ የቀረሁባቸውን ቀናት እያሰብኩ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት ኖሯል ብዬ ነበር። አሁን ግን አርጅቻለሁ፣ ነገሩንም ብዙ ጊዜ ገልብጬ አይቼዋለሁ። መምህሩ ስለ እኔ ተሳስቶ ነበር፤ ስለ መጋዘኑ ግን አልተሳሳተም። እዚያ ከነበርነው ሁሉ አንድ መስመር ጽፎ መውጣት የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አልጻፍኩትም እያልኩ የምኮራበት እንኳን ልጽፈው እችል ስለነበር ነው።

መምህሩ ያንን ባዶ ወረቀት ቢሰጡት ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?