ወርቅ ከየት እንደመጣ ለሐጂ ሰዒድ ላስረዳ ደሴ ወጣሁ

ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት ከጠዋቱ፣ ኮምቦልቻ

ጉዳዬ አንድ ነበር፤ የደሴው ወርቅ ሠሪ ሐጂ ሰዒድ ልጃቸውን ዘይነብን እንዲሰጡኝ። ከዘይነብ ጋር አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሷ ጂኦግራፊ፣ እኔ ፊዚክስ። «ወርቅ የተሠራው ሰማይ ላይ ነው» ብዬ ማስተማሬ አባቷ ጆሮ ደርሶ፣ «ለካሃዲ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። በአብዮቱ ሰሞን ፈጣሪ የለም የሚል መምህር በዝቶ ነበርና አልፈርድባቸውም።

ኬላው ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«ጋብቻ።»

«አላህ ያሳምረው!» ብሎ አሳለፈኝ። ፍተሻ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!

አውቶቡሳችን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲያያዘው ጉም ዋጠን። በቆላ ሸሚዜ ስንቀጠቀጥ ያዩኝ አንዲት እናት ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ብርዱ ባይለቀኝም ልቤ ሞቀ።

ሦስት ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ

ሐጂ ሰዒድ ጉትቻ በጥቁር ድንጋይ ላይ እያሻሹ ጥራቱን ይፈትኑ ነበር። ሰላምታዬን ተቀብለው፣ ቀና ሳይሉ፣ «ወርቅ ከሰማይ ነው የምትለው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«በል አስረዳኝ።»

ከትሪያቸው የብር ዶቃ ለቅሜ ከመርኩ። «ይህ የአቶም አስኳል ነው እንበል። በኃይለኛ እሳት ውስጥ ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይዘንቡበታል። እየዋጠ ይከብዳል፤ መረጋጋትም ያቅተዋል። ያኔ አንዱ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፣ ጨረርም ይወጣል። ፕሮቶን በተጨመረ ቁጥር ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። እንዲህ እየተለወጠ ወርቅ ላይ የደረሰው ያርፋል።»

«እሳቱ የት ነው የሚነደው?»

«ከዋክብት ሲፈነዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔ አላውቅም።» መዋሸት ይቀል ነበር፤ ግን ያ ድንጋይ እጃቸው ላይ ነው።

ሐጂ ቀና አሉ። «ወላሂ፣ ካሃዲ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። አንተ ግን አላውቅም አልክ።»

ደስታዬ አጣደፈኝ። «እንግዲያው ዘይነብን ይስጡኝ!»

«ብቻህን? ሽማግሌ ሳትልክ? አንተ ልጅ፣ ሰው የለህም?» አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ወግን ኋላ ቀር እያልን ስንሳለቅ የከረምን ወጣቶች ነን። ሐጂ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሦስት ሽማግሌ ላክ። መጀመሪያ ሲመጡ እመልሳቸዋለሁ፤ ሁለተኛም እመልሳቸዋለሁ፤ ወጉ ነው፣ እንዳትደነግጥ። ሦስተኛው ላይ ከዘገዩ ግን ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ እፈልጋቸዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ዘይነብ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባቴ ምን አለህ?»

«ሁለት ጊዜ እንቢ እላለሁ አሉኝ።»

ስለ ወርቅ ከማውቀው ሩቡን ያህል እንኳ ስለ ወሎ አባት እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ ዘይነብ በደስታ እንባዋ ፈሰሰ።

«ሁለት ጊዜ ብቻ? የእህቴን ባል አምስት ጊዜ ነው የመለሰው!»