ፋንድያ ለቃሚው ባለጋሪ

የደምበጫው ባለጋሪ ገዳሙ በሚያስወቅሰው ተመስግኗል፤ በሚያስመሰግነው ተስቆበታል።

የተመሰገነው በመካፈሉ ነው። እሱና ጎረቤቱ እንዳላማው ፈረሶቻቸውን የሚያሰማሩት በአንድ መስክ ላይ ነው። በየዓመቱ ለአንድ ፈረስ የሚበቃ የሆድ ትል መድኃኒት ያመጡና እንክብሉን በቢላ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ለገዳሙ ፈረስ፣ ግማሹን ለእንዳላማው ፈረስ ለቦራ ይሰጡ ነበር። ሰፈርተኛውም «ጉርብትና እንዲህ ነው!» ይል ነበር። ግማሽ መድኃኒት ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አልነበረም። ደግነት ከዕውቀት ሲለይ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ አንድ ፈረስ መሞት ነበረበት፤ ሞተም። ገዳሙ የመጀመሪያ ፈረሱ ከስቶ ሲሞትበት አንድ ክረምት ሙሉ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ቤተሰቡን አሳደረ።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ በምትኩ የገዛው ዳማም በዚያው መንገድ ጀመረ። ገብሱን እየበላ ጎድኑ ተቆጠረ፤ ፀጉሩ ሻከረ፤ ጋሪውን ይዞ ዳገቱን መውጣት ተሳነው። ገዳሙ ጆንያውን አስታውሶ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ገሠገሠ።

ሐኪሟ ሕሊና ከፈረሱ ይልቅ ፋንድያውን አስቀድማ ጠየቀች። በማይክሮስኮፕ አይታ ስታበቃ ቀና አለች።

«የትል እንቁላሉ እጅግ ብዙ ነው። መድኃኒት አግኝቶ አያውቅም?»

«ኧረ በየዓመቱ! ከጎረቤቴ ጋር ግማሽ ግማሽ እያደረግን።»

«ጋሽ ገዳሙ፣ ግማሹ ደካማውን ትል ይገድልና ብርቱውን ይተወዋል። የተረፈው ይዋለዳል። ብርቱ ብርቱውን እየመረጣችሁ ስታረቡ ነው የኖራችሁት።»

የዳማውን ደረት በሜትር ለክታ ለክብደቱ የሚመጥነውን ሙሉ መድኃኒት ሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ በሄደ ነበር። ገዳሙ ግን እግሩ አልነሣ አለው።

«ትሉ ከሆዱ ከወጣ በኋላ መልሶ በየት ይገባል?»

«ከፋንድያው ይፈለፈልና ጠሉን ተከትሎ ሣሩ ላይ ይወጣል። ፈረሱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል።»

«እርስዎ በዐይንዎ አይተውታል?»

ሕሊና ሳቀች። ከዚያም ራሱ በዐይኑ እንዲያይ ከተረፈው ፋንድያ ጥቂት ቆንጥራ ሰጠችውና በብርጭቆ ውስጥ ሳይደርቅ፣ ከድኖ፣ ጥላ ላይ እንዲያቆየው ነገረችው።

ሚስቱ ሥራነሽ ብርጭቆውን መደርደሪያ ላይ ስታየው ጮኸች። «ፋንድያ በብርጭቆ! እንግዳ ቢመጣ በምን ልቅዳለት?»

«በሌላው።»

«ሌላውንማ ባለፈው ሳምንት ሰብረኸዋል!»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ገዳሙ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣ። በውስጠኛው ገጽ ላይ ባቆረው ጤዛ መካከል ከፀጉር የቀጠኑ ነገሮች ይራወጣሉ። ማንም ሳያወጣቸው ከፋንድያው ተነሥተው ብርጭቆውን ወጥተዋል።

በማግስቱ አካፋና ቅርጫት ይዞ መስኩ ላይ ወጣ። በየሦስት ቀኑ ፋንድያውን እየለቀመ ከግጦሹ ርቆ በቆፈረው ጉድጓድ ይከምር ጀመር። ይህ በአገሩ የሴት ሥራ ነውና ባለጋሪዎቹ ይሳለቁበት ጀመር።

«ገዳሙ፣ ኩበቱን መቼ ትጠፈጥፍልናለህ?»

«ተውት፣ ሥራነሽ ጋሪውን ልትነዳ ነው!»

መሳቃቸው አያስደንቅም፤ ሳይመረምሩ ማመስገን የለመደ ሰው ሳይመረምር ይስቃል። ገዳሙን የጨነቀው ሌላ ነበር። መስኩ አንድ ነው፤ ቦራ ያረከሰውን ሣር ዳማው ይበላዋል። እንዳላማው ካልተባበረ ልፋቱ ከንቱ፣ ፈረሱም ሟች ነው። ብርጭቆውን ይዞ ሄደ።

«አያ እንዳላማው፣ ወደ ፀሐይ አድርገው ይዩት።»

«ምኑን ልይ? ገለባ ነው።»

«ይታገሡ።»

እንዳላማው አንድ ዐይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ። «እመብርሃን! ይሄማ ይሄዳል!» አለና ወዲያው ፊቱን ኮሶ አስመሰለ። «ቢሆንም ይሄ የዳማህ ነው፤ የቦራዬ አይደለም።»

«ሣሩስ የማን ነው?»

እንዳላማው ብርጭቆውን መለሰለት።

በአራተኛው ቀን ቦራ ክሊኒክ ደርሶ ደረቱ ተለክቶ ሙሉ መድኃኒቱን ዋጠ። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋቢውን እስከ ዐይኑ የተከናነበ ሰው ቅርጫት ይዞ መስኩ ላይ ታየ።

«አያ እንዳላማው፣» አለው ገዳሙ፣ «ፊትዎን ሸፈኑ፤ አረማመድዎንስ ማን ያጣዋል?»

«ዝም ብለህ ልቀም!»

ለመስቀል ሰሞን ሕሊና የሁለቱንም ፈረሶች ፋንድያ መረመረች። እንቁላሉ ጥቂት ነበር። እንዳላማው መድኃኒት እንዲጨመርለት ቢወተውታትም፣ በማያስፈልግ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ትሉን ያለማምደዋል ብላ ባዶ እጁን ሰደደችው። ዳማውም ጋሪውን ይዞ ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ።

እንዳላማው ዛሬም ፊቱን ሳይሸፍን አይለቅምም። መሸፈኑን አልወድለትም፤ ቅርጫቱ ግን ሙሉ ነው።