እናቴ የተጣራችበት ብርሃን
የረመዳንን ጨረቃ ልናይ በወጣንበት ምሽት፣ አባቴና የሳይንስ መምህራችን ከከሚሴ መስጊድ አጥር ጥግ፣ እናቴና እኔ ከኋላቸው ቆመን ነበር። ታላቅ ወንድሜ አህመድ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

አንድ ብርሃን ጸጥ ብሎ ሲጓዝ አየን።

«አውሮፕላን ነው» አለ አባቴ።

«አይደለም፤ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል። ይኼ ሰሞኑን በራዲዮ የተነገረው ሳተላይት ይሆናል፤ ድምፅ ከአገር አገር ያሻግራል» አሉ መምህሩ።

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች። «አህመድ! እኛ ደህና ነን!»

አባቴ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጨረቃ መሰለሽ እንዴ?»

«ድምፅ ያሻግራል ተባለ አይደል?»

ብርሃኑ በባቲ በኩል ድንገት ጠፋ። ጨረቃዋ ስትታይ ሁሉም ለዱዓ እጁን ዘረጋ፤ እናቴ ግን ወደ ባቲ እያየች ነበር።

ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ዛሬ ምሽት የጎረቤቴ ልጅ ተሰልፈው የሚያልፉትን የሳተላይት ብርሃኖች በስልኳ እየለየች ስማቸውን ነገረችኝ።

«እማማ፣ ሌላ መጣ!»

እንደ እናቴ ወደ ባቲ አየሁና ሻርፔን ሰብስቤ ወደ ቤት ገባሁ።