ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ኮምፒውተር

እህቴ ከመሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ሲቀነስ ተቀንሳ ገርጂ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሃያ ዓመት በታይፕ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ አልነበራትም። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተየብበት ቤት ልትከፍት አሰበች። ኮምፒውተር እንድመርጥላት የጠየቀችው እኔን ነው። የስድስት ወር ኮርስ ወስጄ የቤተሰቡ ሊቅ ተብዬ ነበርና። ያን ማዕረግ የሰጠኝን ሰው ዛሬም ባገኘው አልምረውም።

ለምትቀጥራቸው አራት ጸሐፊዎች አራት ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት የማይታሰብ ነበር። ቦሌ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገለገሉ ተርሚናሎች አገኘሁ። ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ናቸው፤ በገመድ ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛሉ፤ የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ርካሽነታቸው ዓይኔን ጋረደው። ባለ ሱቁ ራሱ «ዋናው ከሞተ ሁሉም አለቀላቸው» ሲለኝ፣ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ለእህቴ የነገርኳት ይህንን ብቻ ነው፦ «እታለም፣ ትልቁን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። ሁሉ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው።» የተጻፈውን በየቀኑ በዲስኬት ገልብጪ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

በእኛ ቤት ውድ ዕቃ ይሸፈናል፣ ይቆለፋል። ቴሌቪዥናችን እንኳ ዕድሜውን የጨረሰው ሳጥን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ነው። በሳምንቱ ስሄድ ትልቁ ኮምፒውተር የሠርጓ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ለገመዱ የቦሌ ሚካኤል አናጢ ቀዳዳ አበጅቶለታል፤ ለአቧራው ብርድ ልብስ ተደርቦለታል። ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

የቁም ሳጥኑን በር በእጄ ነካሁት። ይሞቃል። ግን ከሥራ ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«ጎበዝ!» አልኳት።

ግንቦት ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በተከመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አራቱም ስክሪኖች እኩል ጠቆሩ። ቁም ሳጥኑን ስትከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የጠራነው ጠጋኝ ፈትቶ አየውና ከውስጡ የሚወጣ ጽሑፍ እንደሌለ ነገረን። ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ አንዷ ታለቅሳለች። እህቴ እየዞረች እያንዳንዳቸውን ይቅርታ ለመነች። እኔ ገመድ የምፈትሽ መስዬ ጠረጴዛ ሥር አጎነበስኩ።

ክፍሉን በወሩ ለቀቀች። አሮጌ ታይፕ ይዛ ቀበሌው በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ኮምፒውተሩን የገደለው ሙቀቱ እንደሆነና ሙቀቱን በእጄ ነክቼ ዝም እንዳልኩ ልነግራት አንድ ቀን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃላቱን ሳዘጋጅ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን ከታይፑ ሳታወጣ ቀደመችኝ።

«አንተማ ጠብቂው ብለኸኝ ነበር» አለችኝ። «እኔ ነኝ መጠበቅ ያቃተኝ።»

አሁንም ዝም አልኩ።